ቆጣሪው ሲቀየር ሒሳቡስ? ከዲጋ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተነሣ ጥያቄ

ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የዲጋ ወረዳ፣ በአርጆ ጉደቱም ሆነ በሌሎቹ ትንንሽ ከተሞች፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ማለት ለብዙ ሰው በበሩ ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ አቧራ የጠጣ ሣጥን ነው። በመስተዋቱ ውስጥ አንዲት ክብ ዝርግ ብረት ትሽከረከራለች፤ ከበላይዋ ቁጥሮች ቀስ እያሉ ይገለበጣሉ። ቤተሰቡ መብራት ሲጠፋ ካልሆነ በቀር ቀና ብሎ አያየውም። ወር ሲሞላ አንባቢ ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ሒሳቡ ግን ይመጣል።

የዚህ ሣጥን ዘመን እያለፈ ነው። ሰው እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ተቋም፣ በአሁኑ ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ነባሮቹን ቆጣሪዎች በኤሌክትሮኒክ፣ በቅድመ ክፍያና በስማርት ቆጣሪዎች የመተካት ሥራን በልዩ ልዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች ሲያከናውን ቆይቷል። ሥራው ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው ለሕዝቡ በሚነገረው ቃል ላይ ነው። ስለ ቆጣሪ ለውጥ የሚሰጥ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ «አዲሱ ዘመናዊ ነው፣ አሮጌው ያረጀ ነው» ከሚለው አያልፍም። ነዋሪው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ከተቀየረ በኋላ የምከፍለው ይጨምራል ወይ? ከጨመረስ ለምን? ስህተት ቢኖር ማስረጃዬ ምንድን ነው?

ጥያቄው ዛሬ ከትናንት ይልቅ ይከብዳል። የቤት ውስጥ ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. በፊት ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ በመቆየቱ፣ ቆጣሪው ትንሽ ቢያጎድልም ትንሽ ቢያበዛም ልዩነቱ የሳንቲም ጉዳይ ነበር። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ የታሪፍ ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ባደገ ቁጥር የቆጣሪው ስህተትም አብሮ ያድጋል።

በወለጋ ቡና የሸጠ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ፈረሱላው በርካሽ ሲሸጥ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ቢያጎድል የሚከራከር ላይኖር ይችላል። ዋጋው ሲወደድ ግን ገዢም ሻጭም ጆንያው ከመሰቀሉ በፊት የሚዛኑ ቀስት ዜሮ ላይ መሆኑን ዐይናቸውን ተክለው ያያሉ። ቆጣሪም ሚዛን ነው። ልዩነቱ የኤሌክትሪኩ ሚዛን ሲመዝን አንደኛው ወገን ብዙ ጊዜ በቦታው አለመኖሩ ነው።

አሮጌው ቆጣሪ የሚሠራው በማግኔት ኃይል ነው። ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ በሁለት ጥቅል ሽቦዎች ውስጥ ሲያልፍ በመካከላቸው ያለችውን የአሉሚኒየም ዝርግ ያሽከረክራል፤ ፍጆታው ሲበዛ ትፈጥናለች፣ ሲያንስ ትዘገያለች። ዝርጓ የምትቆመው በቀጭን ዘንግ ላይ ስለሆነ ዓመታት በሄዱ ቁጥር ዘንጉ ይበላል፣ አቧራ ይገባል፣ ትንንሽ ነፍሳት በመስተዋቱ ሥር ጎጆ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ሰበቃን ይጨምራል፤ ሰበቃ ደግሞ ያዘገያል። ስለዚህ ያረጀ ባለ ዝርግ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በማብዛት ሳይሆን በማሳነስ ነው። በተለይ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ብቻ ሲሠሩ ዝርጓ ከነጭራሹ ላትንቀሳቀስ ትችላለች።

ስለ ለውጡ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነጥብ ነው። «አዲሱ ቆጣሪ ይሮጣል» የሚለው ቅሬታ በብዙ ከተሞች ይሰማል። ብዙውን ጊዜ አዲሱ ስለሮጠ አይደለም፤ አሮጌው ሲያነክስ ስለኖረ ነው። ይህን አስቀድሞ በግልጽ መንገር ከባድ ነው፤ «ቆጣሪህ ሲቀየር ክፍያህ ሊጨምር ይችላል» የሚል ቃል ማንንም ደስ አያሰኝም። ሳይነገር ቀርቶ በሁለተኛው ወር ቢል ላይ ሲታይ ግን የሚጠፋው አመኔታ ነው።

ጭማሪው ከሚጠበቀው በላይ የሚሆንበት ምክንያት የእርከን አሠራር ነው። የቤት ውስጥ ታሪፍ በፍጆታ መጠን የተከፋፈለ ሲሆን ዝቅተኛ ፍጆታ ያለው ቤት ዝቅተኛ ዋጋ ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል በ2014 ዓ.ም. የነበረውን ተመን እንውሰድ፤ ዛሬ ዋጋው ተለውጧል፣ የእርከኑ ሐሳብ ግን ያው ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ አንዱ በ0.273 ብር፣ ከ51 እስከ 100 በ0.767 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ደግሞ በ1.625 ብር ይታሰብ ነበር። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው እርከን ሲኬድ ዋጋው ስድስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው።

እንግዲህ በወር በእውነት 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም አንድ ቤት እናስብ። ያረጀው ቆጣሪ ከመቶ ሃያ እጅ ቢያጎድል የሚያሳየው 48 ነው፤ ቤቱ በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ይቀራል፣ ክፍያውም የአገልግሎት ክፍያን ሳይጨምር 13 ብር ገደማ ይሆናል። አዲሱ ቆጣሪ ትክክለኛውን 60 ሲያሳይ ቤቱ ሁለተኛውን እርከን ይረግጣል፤ ክፍያው ቢያንስ ከ21 ብር ያልፋል። አኗኗሩ አልተለወጠም፣ አምፖል አልጨመረም፣ ምጣዱም ያው ምጣድ ነው።

ምጣዱን ካነሣን አይቀር፣ የብዙ ቤቶች ትልቁ ፍጆታ እሱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለእንጀራ ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያው እርከን 50 ላይ እንደሚያበቃ ሲታሰብ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለማቀዝቀዣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር ማንኛውም የቆጣሪ ዓይነት ከሚያመጣው ለውጥ የበለጠ ሊቆጥብ ይችላል።

እርከኑ የሚጎዳው ባለ አሮጌ ቆጣሪውን ብቻ አይደለም። ቆጣሪው ለወራት ሳይነበብ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲነበብም ያው ጉዳት ይደርሳል። በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በየወሩ ቢነበብለት፣ በዚያው በ2014 ተመን ለሦስት ወር 37 ብር ገደማ ይከፍላል። የሦስቱ ወር 135 ኪሎዋት ሰዓት እንደ አንድ ወር ፍጆታ ከታሰበ ግን ክፍያው ቢያንስ ከ100 ብር በላይ ይሄዳል። የጸጥታ ችግር ባለበት፣ መንገድ በጭቃ በሚዘጋበትና አንባቢ በየወሩ በማይደርስበት አካባቢ ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። ደንበኛው የተጠራቀመ ንባብ ሲደርሰው ፍጆታው ለወራቱ ተከፋፍሎ እንዲታሰብለት መጠየቅ አለበት።

ሌላው በነቀምቴም በዲጋም በተከራይ ግቢዎች ያለው ጉዳይ ነው። አንድ ቆጣሪ ያለው ባለቤት ለአራትና ለአምስት ተከራይ መስመር ስቦ ይሰጣል። እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ግቢ ኖሬያለሁ፤ በየወሩ መጨረሻ ጠቡ «ማን ምጣድ ጣደ» የሚል ነው። አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙና የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ናቸው፤ በ2014 ተመን አምስቱም ተደምረው የሚከፍሉት 55 ብር አይሞላም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 200 ኪሎዋት ሰዓት ይሆንና ድምሩ ከ200 ብር በላይ ይመጣል። ለድሃው ተብሎ የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ለድሃው ተከራይ የማይደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ቆጣሪ የመቀየር ዘመቻ በአንድ ግቢ ውስጥ አሮጌውን አንሥቶ አንድ አዲስ ብቻ ሰቅሎ ከሄደ የግቢው ሒሳብ ይበልጥ ይከብዳል። በእኔ አመለካከት ለለውጡ ቅድሚያ መስጠት ካስፈለገ መቅደም ያለባቸው እነዚህ ግቢዎች ናቸው፤ በተጨማሪ ቆጣሪ ጭምር።

ነዋሪው ያለ ባለሙያ እርዳታም ቢሆን ቆጣሪውን መፈተሽ ይችላል። በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ይጥፋ፤ ማቀዝቀዣውም ይነቀል። ዝርጓ መሽከርከሯን ካላቆመች ወይም በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ማለቷን ካልተወች፣ በመስመሩ ላይ ያልታወቀ ተጠቃሚ አለ ወይም ቆጣሪው ታሟል። ቀጥሎ መጠኑ የታወቀ አንድ ዕቃ ብቻ ይከፈት፤ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። በቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። 600 የሚል ከሆነ በዚህ ምድጃ ዝርጓ በደቂቃ 10 ጊዜ መዞር አለባት። በኤሌክትሮኒኩ ላይ 1,600 የሚል ከሆነ ቀይዋ መብራት በደቂቃ 27 ጊዜ ያህል ትበራለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምሽት መብራቱ በሚደክምበት ሰዓት ምድጃውም የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ 220 ቮልት መሆን የሚገባው 200 ቢሆን እንኳ የሙቀት ዕቃው ኃይል ከመቶ 17 እጅ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ፍተሻው ጠዋት፣ መብራቱ በደህና ሁኔታ ላይ እያለ ቢደረግ ይሻላል፤ ጥቂት ዙር በማነሱም ቆጣሪውን መኮነን አይገባም። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ለማመልከት በቂ ምክንያት ነው።

የለውጡ ዕለት ከሁሉም ይበልጣል። አሮጌው ቆጣሪ ከግድግዳው ሲወርድ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ቁጥር በደንበኛውና በተቋሙ መካከል ያለ የመጨረሻ ሒሳብ ነው። ያ ቁጥር ካልተመዘገበ ቆጣሪው ከተወሰደ በኋላ ምን ያህል ዕዳ እንደቀረ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ቆጣሪው ከመነቀሉ በፊት የቤቱ ሰው ቁጥሩን ከነመለያ ቁጥሩ በስልክ ፎቶ ያንሣው፤ ስልኩ ፎቶ የማያነሣ ከሆነ በደብተር ይጻፈው፣ ጎረቤትም ይመስክር። የአዲሱ ቆጣሪ የመነሻ ቁጥርም እንዲሁ ይመዝገብ። አንዳንዱ አዲስ ቆጣሪ ሲፈተሽ የቆጠረው ጥቂት ስለሚኖረው መነሻው ዜሮ ላይሆን ይችላል። በቡና ሚዛን ፊት የምናደርገውን እዚህ የማናደርግበት ምክንያት የለም። ሠራተኛው መታወቂያውን እንዲያሳይ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ተቋሙ በ905 የስልክ መስመር ጥያቄ ይቀበላል። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ በእጅ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን መከፈል የለበትም።

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የንባብ ስህተት የለም፣ የተጠራቀመ ዕዳ የለም፣ የከፈሉትን ያህል ይጠቀማሉ። ደመወዝተኛ የከተማ ነዋሪ ይህን በቀላሉ ይለምደዋል። የዲጋ አርሶ አደር ገንዘብ ግን በየወሩ አይመጣም። የበቆሎው፣ የሰሊጡና የቡናው ገንዘብ በኅዳርና በየካቲት መካከል ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራም ኪስም የሚራቆትበት ወቅት ነው። በድህረ ክፍያ የክረምቱ ቢል ለጥቂት ጊዜ ይታገሥ ይሆናል፤ በቅድመ ክፍያ ግን ካርዱ ሲያልቅ ቤቱ ወዲያው ይጨልማል። ስለዚህ ለገጠር ቤት የሚሰጠው ምክር በአጨዳ ወቅት ለክረምቱ አስቦ ገንዘብ ማስቀመጥን የሚጨምር መሆን አለበት። ወፍጮ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሒሳብ ያለቀበት ወፍጮ እህል ተሸክሞ ከሩቅ ቀበሌ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ይመልሳል።

የመሙያው መንገድም መታሰብ አለበት። ክፍያን በንግድ ባንክና በቴሌብር መፈጸም ሰልፍን ቀንሷል። ነገር ግን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳም። መብራትን ሙሉ በሙሉ በኔትወርክ ላይ ማንጠልጠል ለእንዲህ ያለ አካባቢ አደጋ አለው፤ በአቅራቢያ በአካል ሄዶ መሙላት የሚቻልበት ቦታ ሊቀር አይገባም።

አዲስ ቆጣሪም ቢሆን ያረጃል፤ እንዲያውም ባልታሰበ መንገድ። በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች የሚሠራባቸው፣ ባለ 20 አኃዝ ኮድ የሚቀበሉ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች በውስጣቸው ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ነበራቸው። የሰዓቱ ቦታ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞላ። ከዚያ ቀን በፊት በየቤቱ ልዩ ኮድ ያልገባባቸው ቆጣሪዎች አዲስ ክፍያ መቀበል አቆሙ፤ በደቡብ አፍሪካ ሚሊዮኖች ቤቶች ይህን ኮድ እንዲያስገቡ ለወራት ቅስቀሳ ተደርጓል። ዘንግ ባይበላም ሶፍትዌር ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የግንዛቤ ሥራ በለውጡ ሳምንት ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ቆጣሪው የሚሰቀልበት ግድግዳ ደግሞ የዲጋ የራሱ ችግር አለው። ምስጥ በዚህ አካባቢ ሰብልን ብቻ አይበላም፤ የቤት ማገርና የእንጨት ምሰሶም ይበላል። ከውስጥ በተቦረቦረ ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ቆጣሪ ይላላል፤ ሲላላ ሽቦው ከማሠሪያው ይነቀነቃል፤ የላላ ማሠሪያ ይሞቃል፣ ከሞቀም እሳት ይሆናል። አንድ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለጥቂት አምፖሎች ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህ ሸክም ነው። ቆጣሪው ሲቀየር ቤቱም መፈተሽ አለበት፤ ቆጣሪው የሚያርፍበት ጣውላ ይቀየር፣ ብሬከር ይግባ፣ የላላው ይጠበቅ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ቆጣሪውንና ማኅተሙን ግን ባለቤቱ ራሱ መንካት የለበትም። ማኅተም መበጠስና ከቆጣሪ ውጭ መስመር መሳብ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ወለጋ ለኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለችም። 134 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የፊንጫ ማመንጫ በሆሮ ጉዱሩ ምድር ከ50 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ከጎኑም የአመርቲ ነሼ ማመንጫ ተጨምሮለታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋዋቱ የሕዳሴ ግድብም ለወለጋ የሩቅ አገር አይደለም። «ኃይሉ በደጃችን ይመነጫል፤ እኛ ግን ስለ ቆጣሪ እንጨቃጨቃለን» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ታዲያ ሕዝቡን እንዴት ማስረዳት ይቻላል? በግብርና ሙያ የተማርነው አንድ ነገር እዚህ ይጠቅማል። አርሶ አደር ምርጥ ዘርን የተቀበለው በስብሰባ ስለተነገረው አይደለም፤ የልማት ሠራተኛው አሮጌውንና አዲሱን ዘር በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዘርቶ ስላሳየው ነው። ቆጣሪም ሠርቶ ማሳያ ሊኖረው ይችላል። ከየቤቱ ከወረዱት ቆጣሪዎች አንዱንና አንድ አዲስ ቆጣሪ በአንድ መስመር ላይ አከታትሎ በቀበሌው አዳራሽ ወይም በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ያው ኤሌክትሪክ በሁለቱም ያልፋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ የገበያ ቀን ያመጣው ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ራሱ አንብቦ ያነጻጽራል። አሮጌው ያጎድል እንደሆነ፣ አዲሱም ይሮጥ እንደሆነ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይታያል። ወጪው የሁለት ሜትር ሽቦና የአንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን ነው። ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢሰጥ፣ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩል ጥሪው ቢተላለፍ፣ የአዲሱ ቆጣሪ መስኮት ላይ የሚታዩት ምልክቶችም ትርጉም በአንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ ቢለጠፍ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ቅሬታ ያለው ደንበኛ መጀመሪያ የሚያመለክተው ለአካባቢው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ነው። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ የገባበት ቀን የተጻፈበት ቅጂም በደንበኛው እጅ ይቅር። በዚያ ካልተፈታ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። በሁለቱም ቦታ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ቆጣሪው በወረደበት ዕለት የነበረው ቁጥር ነው።